ቤት የሚጠብቅ ጆሮ

ገጣሚው ሰለሞን ደሬሳ የመጀመሪያ የግጥም መድበሉን “ልጅነት”ን በ1963 ዓ.ም. ካሳተመ ወዲህ ስለ መጽሐፉ የሚነሳ፣ እስከ ዛሬም ያልበረደ አንድ አቤቱታ አለ፦ “ቤት አይመታም።” የመጽሐፉ ወዳጆች ይህን ሲሰሙ ትከሻቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። ዘመናዊ ግጥም ያልገባው ሰው ቅሬታ ነው ብለው ይተዉታል። እኔ ግን “ልጅነት” ካገኛቸው ምላሾች ሁሉ ለመጽሐፉ ትልቁን ክብር የሰጠው ይኸው አቤቱታ ነው ባይ ነኝ። ቤት አለመመታቱን ያስተዋለ ሰው በየስንኙ መጨረሻ ቤቱን ሲጠብቅ የነበረ ሰው ነው። ሰለሞንም የሠራው ለዚህ ጆሮ ነው። ግጥሞቹን ለመውደድ የቸኮለ አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚያልፈውን ነገር፣ የተቆጣው አንባቢ በየመስመሩ ሰምቶታል።

ሰለሞን እ.ኤ.አ. በ1937 ወለጋ ውስጥ ጩታ በምትባል መንደር ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ነው። ሬዲዮ ጣቢያ ሠርቷል፤ በ“አዲስ ሪፖርተር” እና በ“መነን” መጽሔቶች ላይ ጽፏል፤ ስለ ሠዓሊና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥራዎች በእንግሊዝኛ ከጻፉ ቀደምት ጸሐፊዎች አንዱ ነው። ሁለቱም የአማርኛን ስንኝ ከለመደው መንገድ ያስወጡ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ያረፉት አሜሪካ ነው። ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ በሎተን ከተማ፣ ሰለሞን በ2017 ሚኒሶታ ውስጥ። ገብረ ክርስቶስ በሕይወት ሳለ የግጥም መድበሉን ታትሞ አላየም። ሰለሞን ሁለተኛ መድበሉን “ዘበት እልፊቱ ወለሎታት”ን ያወጣው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው 28 ዓመት አለፈ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስለ ሰለሞን ገጣሚነት የሚከራከር ሰው በእጁ የነበረው መድበል “ልጅነት” ብቻ ነበር።

መጽሐፉ ሲወጣ ያደነቀውም የተቃወመውም ነበር። ተቃውሞውን በቅን ልብ ለመረዳት ግጥም በዚያ ዘመን የት ይኖር እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ግጥም መድረክ ላይ ነበር። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን በዓል ተማሪዎች በብዙ ሰው ፊት ቆመው ያነቡ ነበር፤ የታምሩ ፈይሳ “ደሃው ይናገራል” ከዚያ መድረክ የወጣ ነው። እንዲህ ያለ ግጥም ቤት መምታቱ ግዴታው ነው። ከኋላ የቆመው ሰው የስንኙ ግማሽ እንኳ ቢያመልጠው ቤቱ መልሶ ያስይዘዋል፤ ማታ ወደ ዶርሙ ሲመለስም በቃሉ የሚይዘው በቤቱ ነው። ግጥምን ለአደባባይ ጉዳይ የሚፈልግ ወጣት፣ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ለሌላ ብቸኛ አንባቢ የጻፈውን መጽሐፍ ሲከፍት ቢያዝን አይፈረድበትም። የፈለገው ሌላ ነበር፤ የተሰጠው ሌላ ሆነ።

የመድረኩን ጉዳይ እዚህ ላይ እተወዋለሁ፤ ብዙ ተብሎበታል። የእጅ ሥራው ጉዳይ ግን ከሚገባው በጣም ያነሰ ነው የተባለበት።

አማርኛ ግሡን ለመጨረሻ ያስቀምጣል። ስለዚህ በተለመደው ግጥም ቤቱን የሚመታው በአብዛኛው ግሥ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ የሚያልቅበትና ስንኙ የሚዘጋበት ቦታም አንድ ይሆናል። በዚያ ላይ ምጣኔው አለ። መንግሥቱ ለማ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ አማርኛ ግጥም ስልት ባሳተመው ጥናት እነዚህን ነገሮች በጥንቃቄ መርምሯል። የወል ቤት የሚባለው ስንኝ በሁለት ሐረግ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ይይዛል፣ በመካከላቸው ትንፋሽ አለ። ምን ማለት እንደሆነ ለማሳየት ለዚህ ጽሑፍ ብቻ ሁለት ስንኝ ልግጠም፦

እናቴ ደጃፍ ላይ ቡናዋን ስትቆላ
ጭሱ መንገድ ወጣ ሰፈሩን ሊሞላ።

ጣትን እያጠፉ ቢቆጥሩት ስድስት ከስድስት ነው። ቤቱ “ላ” ነው፤ “ስትቆላ” ከ“ሊሞላ” ጋር። ይህን የሚሰማ ሰው የመጀመሪያው ስንኝ እንዳለቀ ለሁለተኛው ራሱን አዘጋጅቷል፤ “ሰፈሩን” የሚለው ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመጣ ገምቷል፤ ግምቱ ሲሰምር ይደሰታል። ይህ ትልቅ ደስታ ነው፣ አላቃልለውም። ከበደ ሚካኤል ትውልድ ያሳደጉት በዚህ ደስታ ነው።

አሁን ይህንኑ ግጥም “ዘመናዊ” ላድርገው ብዬ ስንኞቹን በየትንፋሻቸው ልቁረጣቸው፦

እናቴ ደጃፍ ላይ
ቡናዋን ስትቆላ
ጭሱ መንገድ ወጣ
ሰፈሩን ሊሞላ

ምንም አልተለወጠም። ወረቀቱ ላይ አራት መስመር ሆነ እንጂ ጆሮ የሚሰማው ያንኑ ስድስት ከስድስት ነው፣ ቤቱም በቦታው አለ። ከሰለሞን በኋላ በመጡ ብዙ የመጀመሪያ መድበሎች ውስጥ “ነፃ ግጥም” እየተባለ የቀረበው ይኸው ነው፤ ስንኙ ተሸንሽኖ፣ ገጹ ሳስቶ፣ ስልቱ ግን እንደ ነበረ። ይህን አይነት ሥራ ከ“ልጅነት” ጋር በአንድ ስም መጥራት በሁለቱም ላይ ስህተት ነው።

ሌላ መንገድ ልሞክር፦

እናቴ
ደጃፍ ላይ ቡና ትቆላለች
ጭሱ
መንገድ ወጥቶ
ሰፈሩ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሆነ። “ወጥቶ” ገና የሚመጣ ግሥ እንዳለ ነግሮናል። “ሰፈሩ” ተከተለ። ቀጥሎ “ሞላ” ወይም “ታጠነ” ወይም “ነቃ” መምጣት ነበረበት፤ አልመጣም። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የዓረፍተ ነገሩን መዝጊያ ይጠብቃል፣ የግጥም ጆሮ ያለው ደግሞ ከዚያ በላይ ቤቱን ይጠብቃል። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ተቋረጡ፤ አንባቢው የራሱን ግሥ ይዞ ቀረ። ምሳሌዬ ተራ ነው፤ የማሳይበት ግን ስልቱን ነው። ቤትን የተወ ገጣሚ የስንኝ መጨረሻ ትርጉም እንዲኖረው ሌላ ዘዴ መፈለግ አለበት። በአማርኛ ካሉት ዘዴዎች ኃይለኛው ግሡን መያዝ ነው፤ ማዘግየት፣ በቦዝ አንቀጽ እያንጠለጠሉ መቀጠል፣ ስንኙን በስም ላይ ማሳረፍ። ይህ ሥራ ከቤት መምታት ይቀላል የሚል ሰው አንድ ገጽ ይሞክረው። ቤት በሚመታ ግጥም ደካማ ቃል በቤቱ ጥላ ሥር ተደብቆ ሊያልፍ ይችላል። እዚህ ግን የመስመሩ መጨረሻ ላይ የቆመ ቃል የሚደገፈው ነገር የለውም፤ ራሱ መቆም አለበት።

“ልጅነት”ን ቀርቦ የሚያይ ሰው የሚያገኘው ጥበብ የዚህ ዘር ነው። ስንኞቹ እኩል አይደሉም፤ አንዱ ረዝሞ ይሄዳል፣ ቀጣዩ ባጭሩ ይቆማል፤ ምስሉ ከምስል ይዘላል፤ ግጥሙ ሊያስተምረን ወይም ሊመክረን ሳይሆን የአንድን ሰው ውስጥ እንድናይ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የያዘው ግን ልቅ ብዕር አይደለም። ሰለሞን የወል ቤት አይችልም ብሎ የሚያስብ አንባቢ ጮክ ብሎ ያንብበው። በመካከል በመካከል ስድስት ከስድስቱ ብቅ ይላል፣ ጆሮ ይነቃል፣ አሁን ነው ሲባል ይሰወራል። ሳይችል የቀረ ሰው እንዲህ ባለ ልክ አይስትም።

ስለ ገጹ ባዶ ቦታም አንድ ነገር ማለት እወዳለሁ። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ብዙው መጽሐፍ የሚታተመው በእርሳስ ፊደል ነበር። ፊደል ለቃሚው ቃሉን ብቻ አልነበረም የሚገጥመው፤ ባዶውንም በክፍተት መሙያ ብረት እየሞላ ነበር የሚያስረው፤ አለበለዚያ ገጹ ይፈርሳል። አጭር ስንኝ ከረጅም ስንኝ ያላነሰ ብረት ይወስድ ነበር። ዛሬ በስልካችን አንድ ቁልፍ ተጭነን መስመር ስንዘል ይህ አይታሰበንም። ባዶ ቦታ የሰው እጅ ያረፈበት በነበረበት ዘመን ስንኝን ሦስት ቃል ላይ ለማቆም ምክንያት ያስፈልግ ነበር።

“ልጅነት”ን ከሌሎች ጋር ያነበብኩት በምኖርበት በዊንቸስተር ነው። ላስ ቬጋስ እንላለን እንጂ ዊንቸስተር የከተማው አካል አይደለም። ስትሪፕ የሚባለው የሆቴሎች ጎዳና ሰሜናዊ ክፍል፣ ሳሃራና ሰርከስ ሰርከስ የተባሉት ሆቴሎች፣ ዛሬ ዌስትጌት የሚባለውም፣ እዚሁ ናቸው። ዌስትጌት እ.ኤ.አ. በ1969 ሲከፈት ስሙ ኢንተርናሽናል ነበር፤ “ልጅነት” አዲስ አበባ በታተመበት ዓመት ኤልቪስ ፕሪስሊ በዚያ ሆቴል መድረክ ላይ ይዘፍን ነበር። እኛ ከዚያ ብዙም ሳንርቅ፣ ሜሪላንድ ፓርክዌይ አጠገብ ባለ አፓርታማ፣ ሥራችን ሲፈቅድ የምንገናኝ ጥቂት አንባቢዎች ነን። ታክሲ የሚነዳ አለ፣ ሆቴል ክፍል የምታጸዳ አለች፣ ኮሌጅ የምትማር አለች። አንዱ ከሌሊት ፈረቃ ሲመጣ ሌላው ወደ ማታ ፈረቃ ይሄዳል፤ ስለዚህ ንባባችን አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ቀትር ላይ ነው። “ልጅነት” እጃችን የገባው በፎቶ ኮፒ ነው።

በዕድሜ የሚበልጡን ሰው ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት የነበሩ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ገና ሁለተኛውን ገጽ እንዳነበብን እጃቸውን አነሱ።

“ቆይ፣ እዚህ ጋ ቤት ነበር።”

“የለም ጋሼ፣ አይመታም” አለች ተማሪዋ።

“አለመምታቱንማ አየሁ። መምታት የነበረበት ግን እዚህ ጋ ነው የምልሽ። ሰውየው እስከ ደጃፉ ወሰደኝና ዞረብኝ።”

ተቆጥተው ነበር። ከዚያ ግን ፎቶ ኮፒውን ተቀብለው ራሳቸው ማንበብ ጀመሩ፤ በየመስመሩ መጨረሻ በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ። የሚመታበትን ሳይሆን የሚመታበት ይሆናል ብለው የጠበቁትን ቦታ ነበር የሚመቱት። ገጹ ሲያልቅ ሁላችንም ግጥሙን ከነሥራው ሰምተነዋል። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ መጽሐፍ ያነበብኩት ትንታኔ ሁሉ የጋሼን ጣት ያህል አላስረዳኝም።

ተማሪዋ እዚሁ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛ ማንበብ የተማረችው ከእናቷ ነው፣ ቀስ ብላ ፊደል በፊደል ታነባለች። መጽሐፉን ወደደችው። ምስሎቹን ወደደች፣ ድፍረቱን ወደደች። ግን አንድ ጥያቄ ነበራት፦ “አዲስ የተባለው ምኑ ነው?” ትምህርት ቤት ያነበበችው የእንግሊዝኛ ግጥም አብዛኛው ቤት አይመታም፤ ዋልት ዊትማን ያንን በር የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1855 ነው። ለእሷ ቤት አልባ ግጥም የግጥም ተራ መልክ ነው። ስለዚህ ጋሼ የደነገጡበት ቦታ ላይ እሷ ምንም አልሰማችም። ስንኙ ሲቆም ቆመች፣ ሲቀጥል ቀጠለች፤ የጠበቀችው ነገር ስላልነበረ የቀረባትም ነገር አልነበረም።

እነዚህን ሁለት አንባቢዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ካየሁ በኋላ ነው ሐሳቤ የጸናው። መጽሐፉን የወደደችው ተማሪዋ የመጽሐፉን ግማሽ አልሰማችም። የተቆጡት ጋሼ ሁሉንም ሰምተዋል። የሰለሞን ሙያ በመጣው ቃል ላይ ብቻ አይደለም፤ በቀረው ቤት ላይም ነው፤ የቀረው ደግሞ የሚታወቀው ለጠበቀ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ “ልጅነት” ከአማርኛ ግጥም ልማድ ወጥቷል ሲባል መስማማት ይከብደኛል። ያለዚያ ልማድ አይነበብም። ያንን ልማድ በጆሮው ያልያዘ አንባቢ እየበዛ በሄደ ቁጥር መጽሐፉ እየቀለለ ይሄዳል፤ ይህ በእውነት ያሳስበኛል።

ሰለሞን ፈረንጅ ቀዳ የሚለውን ክስም ከዚሁ ጋር አነሳዋለሁ። ከባሕር ማዶ የመጣ ንባብ በሰለሞን ላይ አሻራ የለውም አልልም፤ በእንግሊዝኛ ይጽፍ የነበረ ሰው ነው። ግን አዲስ ነገር መሥራትን እንደ ውጭ ዕቃ የሚያዩ ሰዎች ቅኔ ቤትን ረስተዋል። ጋሼ እንደሚሉት የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ የዘረፈ ተማሪ ያፍራል። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ነው፣ ልኩ የታወቀ ነው፣ ምስጢሩ ግን በየቀኑ አዲስ መሆን አለበት። ቅኔ ቤቱን ጠብቆ ምስጢሩን ያድሳል፤ ሰለሞን ቤቱን ራሱን ነካ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ጋሼም አይቀበሉትም። ሆኖም ሁለቱም ጋ የተደገመ ነገር ሥራ አይባልም።

ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ከሰለሞን ጎን ማስቀመጥ ደግሞ ብዙ ያሳያል። በ“እሳት ወይ አበባ” ያነበብነው፣ በስሙ የጸጋዬ ቤት የተባለው ስልት ሐረጉን ወደ ስምንት ቀለም አስረዝሞታል፤ ስምንት ከስምንት። ጸጋዬ ቤቱን አሰፋው፣ ትንፋሹን አስረዘመው፣ መድረኩን ግን አልለቀቀም። በአንድ ዘመን ሁለት ሰዎች የወል ቤት ጠበበኝ አሉና ለየብቻ መንገድ ወጡ። የጸጋዬን አንባቢ ሁሉ አወቀለት፤ የሰለሞን ግን ዛሬም ክርክር ነው። ምክንያቱ የሙያ ማነስ አይመስለኝም። የጸጋዬ ስልት ለአንባቢው የሚያውቀውን ደስታ አብልጦ ይሰጠዋል፤ የሰለሞን ስልት ደስታውን ከአንባቢው ወስዶ በቦታው ሥራ ይሰጠዋል። ቀን ሙሉ ሠርቶ የመጣ ሰው ማታ ሌላ ሥራ ባይወድ እረዳዋለሁ።

ሁሉም ግጥም እኩል ተሳክቶለታል አልልም። ምስሉ ከምስል ሲዘል የሚይዘው ክር የላላባቸው ቦታዎች አሉ። ግሡ የዘገየበት ቦታ ሁሉ መዘግየቱ የሚገባው አይደለም፤ አንዳንዱ የልማድ ይመስላል፣ ገጣሚው አንዴ ያገኘውን ዘዴ ሲወደው የሚሆን ነገር ነው። የመጀመሪያ መድበል ነውና ይህ ቢገኝበት አይገርምም። ዳሩ ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎት፣ በሌላ አህጉር፣ አንድን የቅኔ ሰው ጠረጴዛ ያስመታ መጽሐፍ ነው። ብዙ የተጨበጨበላቸው መድበሎች ይህን አላደረጉም።

ሆቴል የምትሠራው ጓደኛችን ከሁለቱም ወገን አልሆነችም። የቤቱ ጉዳይ አላስጨነቃትም፤ ያስጨነቃት የምስሎቹ መዝለል ነው። “ከዚህ ወደዚያ ምን አመጣው?” ትላለች፣ እውነቷን ነው፤ ለአንዳንዱ ቦታ ማናችንም መልስ አልነበረንም። እኔ ዝላዩን ለማስረዳት የገብረ ክርስቶስን ሥዕሎች በስልኬ አሳየኋት። የሥዕሉን ዝላይ ወዲያው ተቀበለች። “ሥዕልን አንዴ ነው የማየው፣ ግጥምን ግን ወረፋ ይዤ ነው የማነበው” አለችኝ። ከዚህ የበለጠ የሰላ ነቀፌታ በዚህ መጽሐፍ ላይ አልሰማሁም፤ መልስም ገና አላገኘሁለትም።

ለቀጣዩ ንባባችን ቅደም ተከተሉን ልንለውጥ ተስማምተናል። መጀመሪያ ከበደ ሚካኤልን ጮክ ብለን እናነባለን፣ ቀጥሎ ከጸጋዬ ጥቂት፣ ከዚያ “ልጅነት”ን እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ። ጋሼ ለተማሪዋ ቀለም መቁጠር ሊያስተምሯት ነው፤ ስድስቱ በጆሮዋ እስኪገባ ድረስ ሰለሞንን እንዳትነካ ከልክለዋታል። ጓደኛችን ግን “ዘበት እልፊቱ” ይቅደም ባይ ናት፤ ሰውየው በ28 ዓመት ውስጥ ለዝላዩ መልስ አግኝቶለት እንደሆነ ማየት ትፈልጋለች።